ዴድሊፍት የጀርባ ነው የእግር? የክብደት ልምምዶችን ስለ መመደብ

ጥያቄው ባጭሩ ይኸው። ጠያቂዋ ዓመት ተኩል ያህል ክብደት ስታነሳ ቆይታለች። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ገደማ አላት። ስኳት (ክብደት ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) በ60 ኪሎ 5 ጊዜ ትሠራለች፤ ፑል አፕ (ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ) ሳትወርድ 3 ትወጣለች። ዓላማዋ እነዚህን ሁለቱን ማሳደግ ነው፣ "ሰውነቴም ቅርጽ ቢይዝ አልጠላም" ብላለች። ፕሮግራሟን ራሷ ለማውጣት 28 ልምምዶች ጻፈችና ደረት፣ ጀርባ፣ ትከሻ፣ ክንድ፣ እግር፣ ሆድ ብላ ከፈለቻቸው። ዴድሊፍት፣ ማለትም ባርቤልን (ረጅሙን የክብደት ብረት) ከመሬት አንስቶ መቆም ላይ ስትደርስ ተጣበቀች። የጀርባ ነው የእግር? ዲፕስስ (በሁለት ብረቶች መሃል በእጅ ተደግፎ መውረድና መውጣት) የደረት ነው የክንድ? ከየምድቡስ ስንት ስንት ልውሰድ? ካልተመቸ ዴድሊፍትን ላውጣው ወይ? ትላለች።

እህቴ፣ እዚያ ላይ መጣበቅሽ አይገርምም፤ ሁሉም እዚያ ነው የሚጣበቀው። እንዳታወጪው ብቻ።

በጡንቻ መመደብ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፦ በሳምንቱ የትኛው ጡንቻ ምን ያህል ሠራ? ፕሮግራም ስታወጪ ግን ሌላም የምትወስኚው ነገር አለ። የቀረ እንቅስቃሴ አለ ወይ? የቱ ይቅደም፣ በምን ያህል ክብደትና ድግግሞሽ? የትኛው ከየትኛው ጋር በአንድ ቀን አይሄድም? ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚሆነው አመዳደብ ይለያያል። መታወቂያ ላይ ስምም፣ እድሜም፣ ሥራም ለየብቻ እንደሚጻፍ፣ ለያንዳንዱ ልምምድ አጠገቡ አራት ነገር ጻፊለት፦ እንቅስቃሴው፣ ሚናው፣ የሚያደክመው ቦታ፣ ጡንቻው። የግድ አንድ ቦታ ብቻ ይግባ ካልሽ ዴድሊፍት ዕድሜ ልክሽን ያጨቃጭቅሻል።

ከእንቅስቃሴው ጀምሪ። ሰው ክብደት ሲያነሳ የሚያደርገው ነገር ያን ያህል ብዙ አይደለም። ቁጢጥ ብሎ ይነሳል። ከዳሌው ታጥፎ ይቃናል። ከፊቱ ያለውን ይገፋል፣ ወደ ራሱ ይስባል። ከራሱ በላይ ይገፋል፣ ከላይ ወደ ታች ይስባል። በአንድ እግር ይሠራል። ወገቡን አጽንቶ ይሸከማል። በቃ፣ ስምንት ገደማ ነው።

አሁን 28ቱን በዚህ ደርድሪያቸው። የደረት ካልሻቸው አምስቱ ውስጥ አራቱ (ቤንች ፕሬስ፣ የዳምቤል ፕሬስ፣ የማሽን ፕሬስና ፑሽ አፕ) ያው ከፊት መግፋት ናቸው። የእግር ካልሻቸው ውስጥ ስኳት፣ ሌግ ፕሬስ፣ ሃክ ስኳትና ጎብሌት ስኳት ሁሉም ቁጢጥ ማለት ነው። ከዳሌ መታጠፍ ያለው ዴድሊፍት ላይ ብቻ ነው፣ እሱንም ልታወጪው ነበር! ዝርዝርሽ ረጅም ሆኖ ቀዳዳ አለው ማለት ነው፣ ይህን ደግሞ ደረት፣ ጀርባ፣ ክንድ በሚለው ሠንጠረዥ በጭራሽ አታዪውም ነበር።

ቁጢጥ ማለትንና ከዳሌ መታጠፍን ለመለየት ጉልበትሽን እዪ። ጉልበት በደንብ ታጥፎ ደረት ቀና ካለ ቁጢጥ ነው። ጉልበት ትንሽ ብቻ ታጥፎ መቀመጫ ወደ ኋላ ከሄደ፣ ቅልጥምም ቀጥ ብሎ ከቀረ፣ ከዳሌ መታጠፍ ነው። ትራፕ ባር ዴድሊፍት (መሃሉ ላይ ቆመሽ የምታነሺው ባለ ክፈፍ ብረት) መሃል ላይ ይወድቃል፤ ወደ ፈለግሽው ጣይው፣ ምንም አይጎድልብሽም።

የዚህ አመዳደብ ሌላው ጥቅም መቀያየር ነው። ማሽኑ ተይዞብሽ ከሆነ፣ ወይ ትከሻሽን ቆንጠጥ ካደረገሽ፣ እዚያው ምድብ ውስጥ ያለ ሌላ ልምምድ ታነሺና ሳምንትሽ ሳይፈርስ ትቀጥያለሽ።

ግን እንቅስቃሴ ብቻውን አይበቃም፤ እዚህ ላይ "አይሶሌሽን (አንድን ጡንቻ ለብቻው ማሠራት) አያስፈልግም፣ ስኳትና ዴድሊፍት ሁሉንም ይሠራል" ከሚሉት ጋር አልስማማም። የኋላ ጭን ጡንቻዎችን ውሰጂ። አብዛኞቹ ከዳሌ ተነስተው ጉልበትን አልፈው ይሄዳሉ። ስኳት ስትወርጂ ዳሌሽ ሲታጠፍ በአንድ በኩል ይለጠጣሉ፣ ጉልበትሽ ሲታጠፍ ደግሞ በሌላው በኩል ይላላሉ። ርዝመታቸው ብዙም አይለወጥም፣ ስለዚህ ስኳት ለነሱ ደካማ ልምምድ ነው። ሌግ ከርል (በማሽን ላይ ጉልበትን ክብደት እየተቃወመ ማጠፍ) ወይም ከዳሌ መታጠፍ ይፈልጋሉ። ከፊት ጭን ጡንቻዎች አራቱ ውስጥ መሃል ላይ ያለችውም እንዲሁ ሁለት መገጣጠሚያ ታልፋለች፤ እሷን በደንብ የሚያሠራት ሌግ ኤክስቴንሽን (በማሽን ላይ ተቀምጦ ጉልበትን መዘርጋት) ነው። የትከሻ የጎን ክፍል፣ ባት፣ የትራይሴፕስ (የላይኛው ክንድ የኋላ ጡንቻ) ረጅሙ ራስ፣ እነዚህም ከትላልቆቹ ልምምዶች ፍርፋሪ ነው የሚደርሳቸው። ስለዚህ ከስምንቱ እንቅስቃሴዎች ቀጥሎ "የተዘለሉ" የምትይው አንድ ትንሽ ምድብ ይኑርሽ።

ሁለተኛው ሚና ነው። ዋና፣ ደጋፊ፣ ማሟያ። ብዙ ሰው ይህን የልምምዱ ተፈጥሮ ያደርገዋል፤ ባርቤል ከሆነ ዋና፣ ኬብል ከሆነ ማሟያ። ሚናን የሚሰጠው ግን ዓላማሽ ነው። አናቶሊ ቦንዳርቹክ የሚባል የሶቪየት መዶሻ ወርዋሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዷል፤ ኋላም እ.ኤ.አ. በ1986 መዶሻ 86.74 ሜትር የወረወረውን ዩሪ ሴዲክን ያሰለጠነው እሱ ነው። ቦንዳርቹክ ልምምዶችን የመደበው ለውድድሩ ባላቸው ቅርበት ነው፦ ውድድሩ ራሱ፣ ውድድሩን በከፊል የሚደግሙ፣ ውድድሩን የማይመስሉ ግን እነዚያኑ ዋና ጡንቻዎች የሚያሠሩ፣ አራተኛው አጠቃላይ ብቃት የሚሰጡ። በዚህ ዓይን ለመዶሻ ወርዋሪ ስኳት ውድድሩ አይደለም። የቱንም ያህል ከባድ ቢሆን ረዳት ነው። በፓወርሊፍቲንግ (በስኳት፣ በቤንች ፕሬስና በዴድሊፍት የሚደረግ ውድድር) ለሚወዳደር ሰው ያው ስኳት ውድድሩ ራሱ ነው። ስናችና ክሊን ኤንድ ጀርክ (ሁለቱን የኦሊምፒክ ክብደት ማንሳት ዓይነቶች) ለሚያነሳ ደግሞ እንደገና ደጋፊ ይሆናል።

የአንቺ ዓላማ ስኳትና ፑል አፕ ስለሆነ ዋናዎችሽ ሁለቱ ናቸው። ዴድሊፍት ላንቺ ደጋፊ ነው። ቅር አይበልሽ፣ ልምምዱን መናቅ አይደለም፣ ግን ሦስት ዋና በሦስት ሰዓት ውስጥ ይዘሽ ሁሉንም እገፋለሁ ካልሽ ሁሉም ግማሽ ይሆናል።

ሚናው ሰውም ሲለወጥ ይለወጣል። 3 ፑል አፕ ለምትወጣ ሴት ፑል አፕ ከባድ የጉልበት ሥራ ነው። በትንሽ ድግግሞሽ፣ በረጅም እረፍት፣ ቀኑ ሲጀመር ይሠራል። 20 ለሚወጣ ሰው ክብደት ካላንጠለጠለበት በስተቀር የትንፋሽ ሥራ ሆኗል። ፑሽ አፕም እንደዚሁ። ከኢንተርኔት ላይ የተዘጋጀ ፕሮግራም ስታወርጂ የማይሠራልሽ አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ የጻፈው ሰው ለራሱ አቅም የሰጠው ሚና ነው እዚያ ላይ ያለው።

ሚናው ከታወቀ ቁጥሮቹ ብዙ አያስቸግሩም። ዋናውን ከ3 እስከ 6 ድግግሞሽ፣ በዙሮቹ (ሳታርፊ በተከታታይ በምትሠሪያቸው ድግግሞሾች) መሃል ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አርፈሽ፣ አንድ ሁለት ድግግሞሽ አቅም አስቀርተሽ። ደጋፊውን ከ6 እስከ 10፣ እረፍቱ ሁለት ደቂቃ ወይም ትንሽ በለጥ ያለ። ማሟያውን ከ10 እስከ 20፣ ደቂቃ ወይም ደቂቃ ተኩል አርፈሽ፣ ብትፈልጊ እስኪያቅትሽ። እስኪያቅትሽ መሥራት የምትችይው ማሽንና ኬብል ላይ፣ ወይም ብትለቂው የማይጎዳሽ ልምምድ ላይ ነው። ባርቤል ትከሻሽ ላይ ተጭኖ፣ ያለ መያዣ ብረትና ያለ የሚይዝልሽ ሰው፣ እስኪያቅተኝ ብሎ ነገር የለም። "ማሽን ወይስ ነጻ ክብደት" የሚለው ምድብ ቁምነገር ያለው እዚህ ላይ ብቻ ይመስለኛል። "ፈንክሽናል" የሚባለው ምድብ ግን እስካሁን ምን እንደሚወስንልኝ አልገባኝም።

ቅደም ተከተሉንም ሚናው ይወስነዋል። ቀድመሽ የምትሠሪው ልምምድ ላይ ነው ጥንካሬሽ ይበልጥ የሚያድገው፣ በትኩስ ጉልበት ስለምትሠሪው። "ሁልጊዜ ትልቅ ጡንቻ ይቀድማል" የሚለውን ደንብ እንደ ሕግ አትያዢው። ፑል አፕ ማሳደግ የሚፈልግ ሰው ከዴድሊፍት በፊት ፑል አፕ ይሥራ።

ክብደት አጨማመር ላይም ልዩነት አለ። ስኳትሽ ላይ 2.5 ኪሎ ስትጨምሪ፣ ከ60 ወደ 62.5፣ ጭማሪው 4 በመቶ ገደማ ነው። ዳምቤል ወደ ጎን ስታነሺ ከ4 ወደ 6 ኪሎ ብትዘይ 50 በመቶ ነው! ከዚያ ትከሻዬ አላድግ አለ ይባላል። ስለዚህ ዋናው ላይ ኪሎ ጨምሪ፣ ማሟያው ላይ ድግግሞሽ። በ4 ኪሎ ከ12 ጀምረሽ በሁሉም ዙር 20 እስክትደርሺ ቆዪ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ዳምቤል ሂጂ፤ ድግግሞሹ ወደ 10 ቢወርድ ችግር የለውም።

ሦስተኛው፣ ማንም የማይጽፈው፣ እኔ ግን ከሁሉም የምወደው አምድ አለ፦ የሚያደክመው ቦታ። ከጡንቻው ይለያል። አንድ ልምምድ ሊያሠራ የታሰበው ጡንቻ ሌላ፣ ቀድሞ የሚደክመው ቦታ ሌላ ሊሆን ይችላል። ባርቤል ይዘሽ ጎንበስ ብለሽ ወደ ሆድሽ ስትስቢ ዓላማሽ ጀርባ ነው፣ ወገብሽ ግን ያን ሁሉ ጊዜ ክብደቱን ተሸክሞ ቆሟል። ደረትሽን ወንበር ላይ አስደግፈሽ ብትስቢ ያው እንቅስቃሴ ነው፣ ያው ጡንቻ ነው፣ ወገብ ግን ነጻ ነው። በጡንቻም በእንቅስቃሴም ብትመድቢያቸው ሁለቱ አንድ ናቸው። ሳምንትሽ ላይ ስታስቀምጫቸው ግን ሰማይና ምድር።

ሦስት ቦታዎችን ብቻ መከታተል ይበቃሻል። ወገብ፣ የእጅ መጨበጫ፣ ትከሻ።

ወገብ ላይ የሚያርፉት ስኳት፣ ዴድሊፍት፣ ሮማኒያን ዴድሊፍት (ባሩን መሬት ሳታስነኪ ከዳሌ እየታጠፍሽ የምትሠሪው)፣ ጎንበስ ብሎ ባርቤል መሳብ፣ ቆመሽ ባርቤል ወደ ላይ ስትገፊም በመጠኑ። አንቺ በጻፍሽው ረቂቅ ላይ እሮብ ቀን ስኳት፣ ዴድሊፍትና የባርቤል መሳብ ተከታትለው ነበሩ። በሠንጠረዥሽ ላይ እግር፣ ጀርባ፣ ጀርባ ስለሚል የተመጣጠነ ይመስላል። ወገብሽን ብትጠይቂው ግን ሦስቱም አንድ ልምምድ ናቸው። ዴድሊፍቱ ላይ ስትደርሺ እግርሽ ገና ጉልበት እያለው ወገብሽ እምቢ ይላል፣ ሦስተኛው ላይ ጭራሽ አቋምሽ ይበላሻል፣ ማግስቱን ደግሞ ጫማ ማሰር ይከብድሻል። እንዲህ የሚሆንበት ሰው ብዙ ጊዜ "ዴድሊፍት አልተስማማኝም" ብሎ ይተወዋል፣ ጥፋቱ የአቀማመጡ ሆኖ ሳለ።

መጨበጫ ላይ የሚያርፉት ደግሞ ዴድሊፍት፣ ፑል አፕ፣ መሳብ በሙሉ፣ ክብደት ይዞ መሄድ። ፑል አፕ ዋናሽ ስለሆነ ከሱ በፊት መዳፍሽን አታድክሚው። ከሱ በኋላ ዴድሊፍት ካለ መሃላቸው ላይ መግፋት አስገቢ፣ ወይም የእጅ ማሰሪያ ተጠቀሚ፤ ማሰሪያ መጠቀም ማጭበርበር ነው የሚሉሽን እለፊያቸው፣ ዴድሊፍቱ የተቀመጠው ለዳሌሽ ነው። ትከሻ ላይ ቤንች፣ ወደ ላይ መግፋትና ዲፕስ ይደራረባሉ። ሦስቱን በአንድ ቀን አታድርጊያቸው።

ጊዜም እዚህ ላይ ይቆጠራል። ባርቤል ያለው ዋና ልምምድ ማሟሟቂያ ዙሮቹን፣ ብረት መጫን ማውረዱንና ረጅም እረፍቱን ጨምሮ 20 ደቂቃ ይበላል። አንድ ሰዓት ያለው ሰው በቀን አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነው የሚችለው።

አራተኛው ላይ አሁን ጡንቻ ይመጣል፤ ለመቁጠሪያ ብቻ። ጡንቻ እንዲያድግ ለአብዛኛው ሰው በሳምንት 10 ዙር አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው፤ ከዚያ ባነሰም ያድጋል፣ በተለይ ዓላማሽ ላልሆነ ጡንቻ። በቀጥታ የሚሠራውን አንድ ብለሽ ቁጠሪ፣ በተዘዋዋሪ የሚሠራውን ግማሽ። ቤንች 4 ዙር ሠራሽ እንበል፦ ለደረት 4፣ ለትራይሴፕስ 2። ዴድሊፍትስ? ለመቀመጫ፣ ለኋላ ጭንና በአከርካሪሽ ግራና ቀኝ ለሚወርደው ጡንቻ ሙሉ ቁጠሪ። ከብብትሽ ሥር ለሚወርደው ሰፊው የጀርባ ጡንቻ ግን አትቁጠሪው፤ እሱ ባሩ ከሰውነትሽ እንዳይርቅ ይይዛል እንጂ እያጠረና እየተለጠጠ አይሠራም። የጥያቄሽ መልስ እንግዲህ ይኸው ነው፦ በእንቅስቃሴ ከዳሌ መታጠፍ፣ በሚና ደጋፊ፣ የሚያደክመው ወገብና መጨበጫ፣ በጡንቻ የመቀመጫና የኋላ ጭን። "የጀርባ ሠርቻለሁ" ብለሽ መሳብ እንዳትቀንሺበት።

ይህን ሁሉ አሳልፌ ሳምንትሽን ብጽፍ እንዲህ ይወጣል።

የመጀመሪያው ቀን በስኳት ይጀምራል፣ 4 ዙር በ4 ወይም 5 ድግግሞሽ። ቀጥሎ ደረት አስደግፎ መሳብ 3 ዙር፣ ከፍ ባለ ወንበር ላይ የዳምቤል ፕሬስ 3 ዙር፣ ሁለቱም ከ8 እስከ 10። ከዚያ ሌግ ከርል 3 ዙር፣ ዳምቤል ወደ ጎን ማንሳት 3 ዙር። ወገብ የነካው አንዱ ስኳት ብቻ ነው፣ አየሽ?

ሁለተኛው ቀን የፑል አፕ ነው። 3 የምትወጪ ስለሆነ 5 ዙር በ2 በ2 ሥሪ፣ ሁሉም ንጹሕ ይሁኑ፤ ሲቀልሉሽ አንዱን ዙር 3 አድርጊ፣ ከዚያ ሁለቱን። ቀጥሎ ተቀምጠሽ ዳምቤል ወደ ላይ መግፋት 3 ዙር፣ መዳፍሽም እስከዚያ ያርፋል። ዴድሊፍት 3 ዙር በ6፣ ለዋና የሚሆን ክብደት ሳትጭኚ። ስፕሊት ስኳት (አንድ እግር ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ሆኖ) 2 ዙር፣ መጨረሻ ላይ ለትራይሴፕስ ከራስ በላይ በኬብል 2 ዙር።

ሦስተኛው ቀን ስኳት እንደገና፣ ግን ቀለል ተደርጎ፣ 3 ዙር ከ6 እስከ 8። ቤንች ፕሬስ 3 ዙር፣ ላት ፑልዳውን (ተቀምጦ ከላይ ወደ ታች በኬብል መሳብ) 3 ዙር ከ8 እስከ 12፣ ሌግ ከርል 3 ዙር፣ ባት 3 ዙር። ፕላንክ ወይም ክብደት ይዞ መሄድን ጊዜ የተረፈሽ ቀን ጨምሪ። የሆድ ብለሽ ከጻፍሻቸው አምስቱ አንዱ ይበቃል።

ቁጠሪው። ሰፊው የጀርባ ጡንቻ 11 ዙር፣ የፊት ጭን 9፣ የኋላ ጭን 9፣ ደረት 6። ደረቱ ያንሳል፤ ዓላማሽ ስላልሆነ ሆን ብዬ ነው። ባይሴፕስ (የላይኛው ክንድ የፊት ጡንቻ) ከመሳቡ 5 ከግማሽ ይደርሰዋል፣ ካልበቃሽ ሦስተኛው ቀን ላይ 2 ዙር ጨምሪ። ከ28 ልምምድ ወደ 14 ወረደ። የወጡት አልተጣሉም። በየምድባቸው ተቀያሪ ሆነው ይቀመጣሉ።

ዋናዎቹን ቢያንስ ሁለት ሦስት ወር ሳትቀይሪ ያዣቸው፤ በየሁለት ሳምንቱ ከተለወጡ ክብደቱ የጨመረው በጉልበት ይሁን አዲሱን እንቅስቃሴ በመልመድ አታውቂም። ደጋፊና ማሟያው ላይ ይህን ያህል አትጨነቂ፣ ሲሰለችሽ ወይ መገጣጠሚያሽን ሲያስቸግርሽ ከዚያው ምድብ ለውጪ። ፑል አፕ ክርንሽን ካሳመመሽ ለምሳሌ መዳፎች ፊት ለፊት የሚተያዩበትን መያዣ ሞክሪ፣ እንቅስቃሴውም ሚናውም ያው ነው።

ዲፕስ ቀረ። ወደ ፊት ዘንበል ካልሽ ደረት ይበዛዋል፣ ቀጥ ካልሽ ትራይሴፕስ፤ በእንቅስቃሴ መግፋት ነው፣ የሚያደክመው ትከሻ። ለጊዜው ከቤንች ተቀያሪ አድርጊው። 28ቱን እንደገና ስትደረድሪ ሁሉንም አምድ ባንድ ቀን መሙላት ከሰለቸሽ የወገቡን አምድ ብቻ ሙይና ረቂቅሽን መልሰሽ ለጥፊው፣ አየዋለሁ።